ነፋስ የሚለካበት ወይና ደጋ

የኒው ሃምፕሻየሩ ዋሽንግተን ተራራ ቁመቱ 1,917 ሜትር ነው። በእኛ አቆጣጠር ወይና ደጋ መሆኑ ነው፤ ጎንደር ከተማ እንኳ ትበልጠዋለች። ግን ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች የሚተካከለው የለም፤ በነፋሱ ደግሞ ራስ ዳሸንንም ያስንቃል ብል አላፍርም።

ጫፉ ላይ እ.ኤ.አ. በ1932 የተቋቋመ የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ አለ። ባለሙያዎቹ ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቁ እዚያው ያድራሉ፤ ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ ደጅ ወጥተው ይለካሉ። በብርድ ወራት ደመናው የነካውን ሁሉ በነጭ በረዶ ይለብጠዋል። በረዶ የጋገረበት የነፋስ መለኪያ ደግሞ ይዋሻል። ስለዚህ አንድ ሰው ማማው ላይ ወጥቶ በረዶውን ቀጥቅጦ ማራገፍ አለበት።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1934 ሌሊት የሆነውም ይኸው ነው። መለኪያው የሚናገረውና ነፋሱ የሚያጓራው አልጣጣም ሲል፣ የጣቢያው ባለሙያ ዌንዴል ስቲቨንሰን የእንጨት ዱላ ይዞ በዚያ ማዕበል ወጣ። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ባልደረባው ሳልቫቶሬ ፓሊዩካ በስቶፕዎች እየቆጠረ ያሰላው ፍጥነት በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ሆነ። ይህን ክብረ ወሰን የሰበረው እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያዋ ባሮው ደሴት የተመዘገበው 408 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱን ግን የመዘገበው ማሽን ብቻውን ነበር። ሰው በቦታው ሆኖ ከለካው የሚበልጠው እስካሁን የለም።

ምክንያቱ አቀማመጡ ነው። የተራራው ሰንሰለት ከምዕራብ ለሚመጣው ነፋስ መንገዱ ላይ ተጋድሞበታል፤ የማዕበሎች መተላለፊያዎችም እዚያ ይገናኛሉ። ነፋሱ ሽቅብ ተጨምቆ ሲያልፍ፣ ጠባብ ገደል ውስጥ እንደገባ ወንዝ ይፈጥናል። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ቤት በወፍራም ሰንሰለት ከመሬት ጋር ታስሮ ይታያል፤ ጌጥ እንዳይመስላችሁ።

መውጫው ሦስት ነው፦ በእግር፣ እ.ኤ.አ. በ1861 በተከፈተው የመኪና መንገድ፣ ወይም ከ1869 ጀምሮ ጥርስ ባለው ሐዲድ በሚወጣው ባቡር። ሰማዩ ከጠራ ሜይን፣ ቨርሞንት፣ የካናዳዋ ኬቤክ፣ አልፎ አልፎም አትላንቲክ ውቅያኖስ ይታያል። ችግሩ ጫፉ ከግማሽ ጊዜው በላይ በደመና የተሸፈነ መሆኑ ነው። ጣቢያው በታሪኩ የለካው ከፍተኛ ሙቀት 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው፤ በሐምሌም ቢሆን ወፍራም ጃኬት ሳትይዙ፣ የጣቢያውን የማለዳ ትንበያም ሳታዩ አትውጡ።