ፈቃድ ሰጪው ማን ነው?

መቐለ ዓዲ ሓቂ ባለው የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሰጡት ትምህርቶች ሕግ፣ ቢዝነስና ኢኮኖሚክስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ናቸው። ምህንድስናውና ግብርናው ያሉት እንዳየሱስ ካምፓስ ነው።  ሃይማኖት ለሳይንስና ለማኅበራዊ ለውጥ ይበጃል ወይስ እንቅፋት ይሆናል የሚለው ክርክር ዓዲ ሓቂን በመሰለ ግቢ መነሣቱ አይቀርም። ሲነሣም አብዛኛውን ጊዜ በውሰት ምሳሌ ነው፤ አንዱ ጋሊሊዮን ይጠራል፣ ሌላው መነኩሴውን ሜንዴልን ይጠቅሳል። የራሳችን ማስረጃ ሞልቶ ሳለ ጣሊያንና ኦስትሪያ ድረስ መሄዱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከትምህርት ቤት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ዋናው ተቃውሞ የመጣው ከግብፃዊው ጳጳስ ከአቡነ ማቴዎስ ነበር። ከአውሮፓ የመጣ መምህር ልጆቻችንን ሃይማኖት ያስለውጣል የሚለው ሥጋት በመኳንንቱም ዘንድ ነበረ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ዐፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ ካደረጉ በኋላ አገር እርስ በርሱ ተፋጅቶ፣ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀዋል። ያ ትዝታ በቀላሉ የሚጠፋ አልነበረም። ስለዚህ ምኒልክና ጳጳሱ መካከለኛ መንገድ አገኙ፤ መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች ይምጡ ተባለ። እነ ሐና ሳሊብ መጡ፣ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። ትምህርቱ በብዛት ቋንቋ ነበር፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ዓረብኛ።

ልብ በሉ፤ ጳጳሱን ያስጨነቃቸው ሒሳቡ ወይም ጂኦግራፊው አልነበረም። ያስጨነቃቸው ማን ያስተምራል የሚለው ነው። እኔ የኢትዮጵያን ታሪክ ስመለከት ሃይማኖትና ዕድገት የተጋጩበት ቦታ በአብዛኛው ይሄው ነው። እምነቱ ስለ ሳይንስ ከሚለው ይልቅ፣ ለትምህርቱም ለሕክምናውም ብቸኛ ፈቃድ ሰጪ የሚሆነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው ነገሩን ሲያጠፋም ሲያለማም የኖረው።

ቤተ ክህነት ሒሳብን አልጠላችም፤ ኧረ እንዲያውም ዐቢይ ጾሟን ያለ ሒሳብ አታወጣም። የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ የሆነውን ባሕረ ሐሳብን ያየ ያውቃል። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ዘመነ ብሉይ ሲጨመርበት 7518 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝተን ስንገድፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። የመጥቅዑ ቀን መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለ የእሑድ ተውሳክ (የዕለቱ ጭማሪ) 7 ይደመርበታል፤ 25 ይሆናል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 4 ነው። ይህን የአብነት ተማሪ ያለ ወረቀት በቃሉ ይሠራዋል። ግን አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ስሌቱ እንደ ዜማ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍ እንጂ ከሰማይ ጋር እየተመሳከረ የሚታረም አይደለም። የ19 ዓመቱ ዑደት ከጨረቃዋ በጥቂቱ እየራቀ መሄዱን ጠይቆ ለማስተካከል የሚያስችል ሥልጣን ለተማሪው አልተሰጠውም። ዕውቀቱ አለ፤ የመጠየቅ ፈቃዱ ግን የለም።

ፈቃዱ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ያየነው በእንጦጦ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይጎርፉ ነበር። ቤት ተከራይተው፣ ላስቲክ ወጥረው፣ ማለዳ በባዶ ሆድ እየተጠመቁ ይከርማሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ነገሩ ተወሳሰበ። መድኃኒቱ በየዕለቱ በሰዓቱ መወሰድ አለበት፤ ካቋረጡት ቫይረሱ ይላመደዋል። ጸበል ላይ ያለው ሰው ግን ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስለዋል፣ እንዲያ ብለው የሚመክሩትም አልጠፉም። ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢያስረዳ ነጭ ጋውኑ እዚያ ተራራ ላይ ሥልጣን የለውም።

በ1999 ዓ.ም. ገደማ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። አቡነ ጳውሎስ የዐድዋ ሰው ነበሩ፤ በአባ ገሪማ ገዳም ያደጉ፣ በኋላም አሜሪካ ፕሪንስተን ሄደው እስከ ዶክትሬት የተማሩ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን በጸበሉ መዋጥ ለብዙዎች ነውር መሆኑ ቀረ። አንድም አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ አንድም የጤና ጣቢያ በዚያ ቃል አልተሠራም። በሽተኛው የሚሰማው ሰው ፈቀደለት፣ በቃ።

ትምህርት ሲስፋፋ ሃይማኖት ይደክማል የሚለውም ግምት እዚህ አገር አልሠራም። የ1960ዎቹ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው የቤተ ክርስቲያኗን ርስት ጭምር ተጋፈጡ፤ ደርግም በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወሰደባት። የሚያስገርመው የኋላው ነው። በደርግ መጨረሻ ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ከተወሰዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ለጸሎት ይሰባሰቡ የነበሩት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ዛሬ ግቢ ጉባኤ የሚባለው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት የሌለበት ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ያስቸግራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አማኝ አፍርቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ የመቐለ ሰው አንድ ነገር ሊጨምር ይችላል፤ መብቱም ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የመቐለው ዓይደር ሆስፒታል ኢንሱሊን ሲያጣ፣ ሐኪሞቹ የአንድ ጊዜ ጓንት እያጠቡ ሲጠቀሙ፣ ሕክምናውን ያስቆመው ቄስም ሼህም አልነበረም። መንገድ ተዘግቶ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ ነው። የሲኖዶሱ አባቶች በጦርነቱ ላይ ያሳዩት ዝምታ ደግሞ የራሱን ቁስል ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የትግራይ ሊቃነ ጳጳሳት አክሱም ላይ የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት እስከ መሾም አድርሷል። ሃይማኖት ዕድገትን አደናቀፈ የሚል ሁሉ ጠመንጃን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ይሁን እንጂ ጠመንጃው ዝም ካለ በኋላ የሆነውን በእርሱ ማሳበብ አይቻልም። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ሙስሊም ልጃገረዶች ካላወለቃችሁ አትገቡም ተባሉ። ከ150 በላይ የሚሆኑት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይመዘገቡ ቀሩ። የአክሱም ፍርድ ቤት ክልከላው እንዲታገድ አዘዘ፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን ትእዛዙን ለመፈጸም ዳተኛ ሆኑ። ጥር 13 ቀን መቐለ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ። የሰልፉ ከተማ ከአል ነጃሺ መስጊድ ብዙም የራቀ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ተሰድደው እንደተጠለሉበት የሚነገረው፣ መስጊዱም የሚገኝበት ነጋሽ ከውቅሮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል።

ለክልከላው የተሰጠው ምክንያት የደንብ ልብስና ትምህርት ከሃይማኖት ነፃ ይሁን የሚለው መርሕ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ይህን ይላል፤ እውነት ነው። ግን በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትንም ያረጋግጣል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 95 ከመቶ በላይ ኦርቶዶክስ በሆነበት ክልል፣ ዳዊት የሚደግም፣ ማተብ የሚያስር ተማሪ ማንም ሳይጠይቀው እየገባ፣ ዓለማዊነት ሒጃብ ላይ ብቻ ሲደርስ ዓለማዊነት መሆኑ ይቀራል። አብላጫው ፈቃድ ሰጪ ሆኗል ማለት ነው፤ እንደ ምኒልክ ዘመኑ ጳጳስ፣ በሌላ ስም። እንጦጦ ላይ የፓትርያርኩ ቃል ያደረገውን ለማድረግ አክሱም ላይም ከቤተ ክህነት ወገን አንድ ግልጽ ቃል ቢወጣ፣ እነዚያ ልጆች የፍርድ ቤት እግድ ሳይጠብቁ በተመዘገቡ ነበር ብዬ አምናለሁ።