ቪዲዮውን የሚፈታው ማን ነው?



ለእረፍት ወደ ሰቆጣ ስንሄድ በሚሞሪ ከምንይዘው ውስጥ የተቀዳ ደርስና ለታናናሾቻችን የሚሆን የ12ኛ ክፍል የሒሳብና የፊዚክስ ቪዲዮ ይገኝበታል። ያው አንድ ፋይል በአንዱ ስልክ ጥርት ብሎ ይታያል፤ በሌላው ይቆራረጣል፣ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት በሌለበት፣ ስልክ በሶላር በሚሞላበት የዝቋላ ወይም የደሃና ቤት ይህ ትምህርቱን መጨረስና አለመጨረስ ነው።

ባለ 1080 ጥራት አንድ ምስል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። በሰከንድ 30 ምስል የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በየሰከንዱ 93 ሜጋባይት ገደማ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ሲታይ መልሶ የሚፈታው ዲኮደር ይባላል። ኪታብ ለቀራ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፦ ፋይሉ እንደ መትን አጭር ነው፤ ዲኮደሩ ሸርሑን ይዘረጋል።

ዲኮደር ሁለት ዓይነት ነው።

የሃርድዌር ዲኮደር በስልኩ ቺፕ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ነው። አንድን ኪታብ ደጋግሞ እንዳቀራ ሸይኽ የሚያውቀውን ያለ ድካም ይፈታል፤ ጥቂት ኃይልም ይበቃዋል። ያልተሠራለትን ፎርማት ግን አይፈታም።

የሶፍትዌር ዲኮደር በዋናው ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አዲስ ፎርማት ሲመጣ ፕሮግራሙን ማዘመን ይበቃል። ዋጋው ሙቀትና ባትሪ ነው።

ፎርማቶቹንም እንይ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2003 የወጣውን ኤች.264 ዛሬ ስማርት ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል በሃርድዌር ይፈታዋል። በ2013 የወጣው ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ መጠን ለመያዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ኤቪ1 በ2018 ተከተለ፤ አይፎን እንኳ ለኤቪ1 የሚሆን ሃርድዌር የያዘው በ2023፣ ከአይፎን 15 ፕሮ ጀምሮ ነው። እንግዲህ በሜጋባይት ትንሽ የሆነ ፋይል ለአሮጌ ስልክ ከባድ ሸክም ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ?

• በኤምኤክስ ፕሌየር ቪዲዮ ስንከፍት ከላይ የሚታየው ምልክት «ኤችደብልዩ» ከሆነ ሃርድዌር፣ «ኤስደብልዩ» ከሆነ ሶፍትዌር እየፈታው ነው።

• ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ የሃርድዌሩ ችግር ሊሆን ስለሚችል ወደ ሶፍትዌር ቀይረን እንሞክር። በቪኤልሲም በሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን ማጥፋት ይቻላል።

• ከግቢ ሳንወጣ፣ መብራት እያለ፣ ቪዲዮውን በላፕቶፕ ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ኤች.264 ባለ 720 እንቀይረው። የነጥቦቹ ብዛት ከ1080ው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ይነበባል። ዋናውን ቅጂ ግን አናጥፋ።

• ምስል የማያስፈልገውን ደርስ በድምፅ ብቻ እንጫን።

ፋይል ስናዘጋጅ የምናስበው በእጃችን ስላለው ስልክ ሳይሆን ስለሚያየው ሰው ስልክ ይሁን።