የዓባይን ልጅ ውኃ እንዳይጠማው

በጣና ዙሪያ የበጋ መስኖ ዕጣ የሚወሰነው ወንዙ ገና ሞልቶ ሳለ ነው

መስከረም ተገባዶ ዝናቡ ሲያባራ በፎገራ ሜዳ የጉማራና የርብ ወንዞች ገና ሙሉ ናቸው። ይህን ያየ አርሶ አደር የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል፤ ነዳጅና ማዳበሪያ ያዘጋጃል፤ የጎደለውን ይበደራል። የካቲት አልፎ መጋቢት ሲገባ ግን ያው ወንዝ ይሳሳል። የላይኛው ተጠቃሚ በሞተር ሲስብ ውሎ ሲያድር፣ የታችኛው ቱቦውን ዘርግቶ ተራ ይጠብቃል። ሽንኩርቱ ራሱን ሳይቋጥር ውኃው ካለቀ ምርቱ ይቀራል፤ ብድሩ ግን አይቀርም።

“የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው” የሚለው የአበው ብሂል በተፋሰሱ ሌላ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ውኃው በመጋቢት ቢያልቅም፣ ስህተቱ የሚፈጸመው በጥቅምት ምን ያህል ውኃ እንዳለ ሳይታወቅ ብዙ መሬት ሲዘራ ነው።

ወንዙን ማንበብ

ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በእነዚህ ወንዞች ዳር የቆሙ ባለ ቁጥር የከፍታ መለኪያ ሰሌዳዎች አሉ። በአካባቢው ነዋሪ የሆነ አንባቢ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን አይቶ ይመዘግባል። ከፍታው ወደ ውኃ መጠን የሚቀየረው ባለሙያዎች አስቀድመው የወንዙን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ለክተው ባዘጋጁት ስሌት ነው።

ይህ ስሌት አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ቁልቁል ብዙ ደለል ስለሚያመጡ የወንዙ ወለል ይለዋወጣል። ወለሉ በደለል ከፍ ሲል፣ ሰሌዳው የሚያሳየው ቁጥር በወንዙ ውስጥ ካለው ውኃ ይበልጣል። ስለዚህ ልኬቱ ከክረምት በኋላ ካልታደሰ፣ ለወረዳው የሚደርሰው መረጃ የሌለ ውኃ እንዳለ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ወንዙን የሚመግበው ከመሬት ሥር የሚመነጨው ውኃ በመሆኑ አወራረዱ የራሱ ሥርዓት አለው። የጥቅምትና የኅዳር ንባብ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ቀናት ጋር ሲነጻጸር የጥርና የየካቲትን ሁኔታ አስቀድሞ ይጠቁማል። አንድ ዓመት ብቻ የተያዘ መዝገብ ግን ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ጥቅሙ ያለው ሳይቋረጥ መያዙ ላይ ነው።

ግድቡ ሲሰላ

በመራዊ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝና 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ነው። ሲካፈል ለአንድ ሄክታር 12 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል። ስንዴ ከዘር እስከ አጨዳ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል። በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ፍላጎቱ ከ4 ሺህ 500 እስከ 6 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ነው።

ቁጥሩ ውኃው የተትረፈረፈ ያስመስለዋል። ነገር ግን ከግድቡ ወለል ላይ የማይወጣ፣ ፀሐይ የምታተነው፣ በቦይ የሚሰርግ ውኃ አለ። ከጠቅላላው ግማሹ ብቻ ሰብሉ ሥር ይደርሳል ቢባል፣ ሙሉ ግድብ እንኳ ከአንድ ዙር ስንዴ ብዙም አያልፍም። ግድቡ ሦስት አራተኛ ብቻ ሞልቶ ክረምቱ ቢወጣ ደግሞ ለሄክታር የሚደርሰው ወደ 4 ሺህ 400 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ይህም ከስንዴ ዝቅተኛ ፍላጎት በታች ነው።

በዚህ ጊዜ ሁሉም መሬት ከተዘራ እጥረቱ የሚመጣው ስንዴው ሲያብብና ፍሬ ሲሞላ፣ ማለትም ውኃ ማጣት በእጅጉ በሚጎዳው ጊዜ ነው። በጥቅምት የሚለማውን መሬት መቀነስ ከባድ ውሳኔ ቢሆንም፣ በየካቲት ሁሉንም ከማጣት ይሻላል።

ከትንበያው እስከ ማሳው

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ የሚያወጣው ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ያመለክታል። ትንበያው ዕድልን እንጂ እርግጠኛ መጠንን አይናገርም። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ሲጨምር የሚከሰተው ኤልኒኖ የኢትዮጵያን ክረምት እንደሚያዳክም በ2007 ዓ.ም የደረሰው ድርቅ አሳይቷል። ስለዚህ የግንቦቱ ትንበያ ለዝግጅት፣ የመስከረምና የጥቅምቱ ልኬት ደግሞ ለውሳኔ ያገለግላል።

ሐይቁም ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ቀነሰ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም ከፍታው እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከዚሁ ሐይቅ ይቀዳል። በጉማራና በርብ ዳር የሚሳበው ውኃ የሚጎድለው ከዚህ የጋራ ገበታ ነው።

መረጃው ማሳ ላይ የሚደርሰው ግን በሰዎች በኩል ነው። በባህላዊ መስኖ ተራ የሚያስከብረው የውኃ አባት ነው፤ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትም በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ መሠረት አግኝተዋል። ወረዳው የወንዙንና የግድቡን ልኬት ዘር ከመዘራቱ በፊት ለእነዚህ አካላት ቢያደርስ፣ የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ ስለ ተራውና ስለሚዘራው መሬት ውኃው ሳያልቅ ለመነጋገር ጊዜ ያገኛሉ። ውኃው አነስተኛ መሆኑ ከታወቀም በመሬት እርጥበት የሚበቅለውን ሽንብራ መዝራት፣ የሽንኩርቱን ማሳ ማጥበብና ቦዩን ቀድሞ መጥረግ ይቻላል።

የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን የሰሌዳውን ቁጥር በመዝገብ ማስፈር፣ ካለፈው ዓመት ጋር ማነጻጸርና ውጤቱን አርሶ አደሩ በሚሰበሰብበት ሁሉ መናገር ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ወንዙ ሞልቶ፣ ማንም ስለ እጥረት በማያስብበት በጥቅምት ነው።