ከሰጋር በቅሎ እስከ «ቪ ኤይት»፦ ትልልቅ የቅንጦት መኪኖችና የሰሜን ሸዋ መንገድ

ደብረ ብርሃን፦ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ ዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሦስት ዓይነት መጓጓዣ በአንድ ጊዜ ይታየዋል። ገብስና ባቄላ ተጭነው ወደ ገበያ የሚያዘግሙ አህዮች፣ ተሳፋሪ የሞሉ ሚኒባሶች፣ መስታወታቸውን ዘግተው የሚያልፉ ትልልቅ የቅንጦት መኪኖችም። የመጨረሻዎቹን ሕዝቡ በጅምላ «ቪ ኤይት» ይላቸዋል። ቃሉ በመሠረቱ ስምንት ሲሊንደር ያለውን ሞተር የሚያመለክት ነው፤ በአነጋገራችን ግን የሥልጣንና የሀብት መለያ ሆኖ ቀርቷል።

እነዚህ መኪኖች ከሩቅ ቢመሳሰሉም በአሠራር፣ በወጪና በሚሰጡት አገልግሎት ይለያያሉ። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ደግሞ ገዢውን ብቻ አይደለም። በርካቶቹ የሚገዙት በሕዝብ በጀትና በውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚሁ ዘር የወጡ መኪኖችም ምጥ የያዛትን እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ሆስፒታል ያደርሳሉ። ስለዚህ ለየትኛው መንገድ የትኛው መኪና ይገባል የሚለው ጥያቄ አርሶ አደሩንም የከተማውንም ነዋሪ ይመለከታል።

ገዢው የሚፈልገው ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከመኪና በፊት ወደነበረው ዘመን መመለስ ይጠቅማል። የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ በተቀመጡበት ዘመን ፈረስ ለጦርነት፣ በቅሎ ለጉዞ ነበር። መኳንንቱ አብልጠው የሚፈልጉት ሰጋር በቅሎ ነው። ሰጋር በቅሎ ሦስት ነገር ያሟላል። በገደል አፋፍ እግሩን ሳይስት ያደርሳል፤ አረማመዱ ለስላሳ በመሆኑ ተቀማጩን አያንገላታም፤ በኮርቻውና በጌጡም ባለቤቱን ያስከብራል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም አንድ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን መኪና ከጂቡቲ ነድቶ አመጣላቸው። ያም ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገሩን ሲያዳርስ የኖረው በቅሎ ነበር።

የዛሬው የቅንጦት መኪና ገዢም ከእነዚህ ከሦስቱ ብዙ የራቀ ፍላጎት የለውም። ማድረስ፣ አለማንገላታትና ማስከበር ናቸው። በአገራችን አራተኛ ተጨምሯል፤ ገንዘብ ማቆየት። ብር የመግዛት አቅሙ ሲቀንስ መኪና እንደተቀመጠ ጥሪት ይታያል። በመሆኑም ገዢው መኪናውን ሳይገዛው «ነገ ብሸጠው ማን ይወስደዋል?» ብሎ ይጠይቃል።

ለሥራ ተሠርተው ለባለጸጋ የደረሱ

የእነዚህ መኪኖች ትውልድ ከእርሻና ከከባድ ሥራ መሆኑ ብዙም አይታወቅም። እ.አ.አ በ1948 ለገበያ የቀረበው ላንድሮቨር መጀመሪያ የታሰበው ለእንግሊዝ ገበሬዎች ነበር፤ በእኛም አገር ስሙ በአያቶቻችን አንደበት የቀረ መኪና ነው። ከዚሁ ፋብሪካ በ1970 የወጣው ሬንጅሮቨር እንኳ፣ ዛሬ የቅንጦት ምሳሌ ሆኖ ቢጠቀስም፣ ውስጡ ጭቃ ሲገባበት በውኃ እንዲታጠብ ተደርጎ የተሠራ ነበር። የጃፓኖቹ ላንድክሩዘርና ፓትሮል በ1951 ሲጀመሩ ምንም ምቾት የሌላቸው የሥራ መኪኖች ነበሩ። ምቾቱና ጌጡ የተጨመረባቸው ኋላ ነው።

ዛሬ የላንድክሩዘር ዘር በተለያዩ ወገኖች ተከፍሏል። አንደኛው ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70 ተከታታይ ነው፤ እኛ «ሃርድቶፕ» የምንለው የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው የቅንጦቱ ወገን ሲሆን፣ «ቪ ኤይት» የሚባለው ባለ 200 ተከታታይ ከ2007 እስከ 2021 ተመርቶ በባለ 300 ተከታታይ ተተክቷል። አዲሱ ባለ 300 ስምንት ሲሊንደሩን ትቶ ስድስት ሲሊንደር ይዟል። በሁለት ቱርቦ በመታገዙና በ10 ማርሽ በመሥራቱ ግን ጉልበቱ አልቀነሰም። ስለዚህ ሕዝቡ «ቪ ኤይት» ከሚላቸው መኪኖች አዲሶቹ በእርግጥ ቪ ኤይት አይደሉም።

ላንድክሩዘር፣ ፓትሮል፣ ሬንጅሮቨር

ላንድክሩዘርና ፓትሮል አካላቸው በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነው። ልዩነታቸው ከሥር ይጀምራል። በላንድክሩዘር ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ተያይዘዋል፤ አንደኛው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላኛው ወደ ታች ተጭኖ መሬት ይነክሳል። አሠራሩ ጭነት ይችላል፤ ለጥገናም ቀላል ነው። በ2010 በወጣው ፓትሮል አራቱም ጎማዎች ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። በዚህም ምክንያት በረጅም የአስፋልት ጉዞ ላይ ተሳፋሪውን ብዙም አያንገላታም፤ ሰጋርነቱ ከላንድክሩዘር ይበልጣል ማለት ይቻላል።

በነዳጅ ረገድ ግን ፓትሮሉ ይከብዳል። 5.6 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ 400 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ የነዳጅ ጋኑም 140 ሊትር ይይዛል። ላንድክሩዘር በናፍጣ ሞተርም ስለሚመረት ዳገት በበዛበት አገር ወጪው ይቀላል። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ትልቅ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ይበላል ብንል፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ 39 ሊትር ያስፈልገዋል። 8 ሊትር የሚበላ ትንሽ መኪና ይህንኑ መንገድ በ21 ሊትር ገደማ ይጨርሰዋል።

ሬንጅሮቨር በምቾት ከሁለቱም ይልቃል። ከ2012 ጀምሮ አካሉ በአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን፣ በብረት ሞላ ፈንታ አየር በተሞላ ከረጢት ላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ያ የአየር ከረጢትና እሱን የሚመራው ኤሌክትሮኒክስ ከተበላሸ ልዩ መሣሪያና ልዩ ባለሙያ ይጠይቃል። ላንድክሩዘርን ተመራጭ ያደረገውም ይኸው ነው። መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፤ ብልሽቱንም የማያውቅ መካኒክ አይገኝም። ገዢው ለስሙ የሚከፍለውን ያህል ለዚህ እርግጠኝነትም ይከፍላል።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

በማስታወቂያ ላይ የሚነገረው የፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለው አየር ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁን የሚያቃጥለው ኦክስጅን ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። የ400 ፈረስ ፓትሮል ወደ 300 ይወርዳል ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮው ሃርድቶፕ ናፍጣ ሞተር መጀመሪያም 130 ገደማ የፈረስ ጉልበት ስለነበረው 100 እንኳ አይሞላም። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጣ የሚያቃስተው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንስለታል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከደብረ ብርሃን በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መኪና በጥቂት አሥርት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ትልልቆቹ የቅንጦት መኪኖች ሁለት ቶን ተኩል ያህል ይመዝናሉ። ይህን ክብደት በፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። መፍትሔው ውድ መኪና መግዛት ሳይሆን ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ እየያዙ መውረድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መልቀቅ በማንኛውም መኪና ሞት መጥራት ነው።

ቀረጥና የኤሌክትሪክ መኪና

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሞተራቸው ከ1 ሺህ 800 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ መኪኖች ላይ 100 በመቶ ታክስ ጣለ። ለረጅም ዓመታት ባገለገሉት ላይ ደግሞ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም መኪኖች የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆነ። አዲስ መግባቱ ሲገታ አገር ውስጥ ያለው ይፈለጋልና፣ ያረጀ ላንድክሩዘር ዋጋው የማይወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአንጻሩ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትኖ ለሚገባው 5 በመቶ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚገባው ከቀረጡ ነጻ ተደርጓል። ለደጋው አገር ይህ መኪና አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ሞተሩ አየር ስለማያቃጥል ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል።

ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪው የሚያስኬደውን ርቀት ያሳጥራል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ከተጀመረ ደግሞ ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው በሞተሩ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ደጋ ላይ ኃይል ሞልቶ ወደ ቆላ የሚወርድ አሽከርካሪ ለዚህ የተወሰነ ክፍተት ቢተው ይመረጣል። በተጨማሪም አሁን በብዛት የሚገቡት ለከተማ አስፋልት የተሠሩና ከመሬት ብዙ ያልራቁ ናቸው፤ ባትሪያቸው ደግሞ ከወለሉ ሥር ነው። ድንጋያማው የገጠር መንገድ ገና የእነሱ አይደለም።

ያገለገለ ለሚገዛ

ያገለገለ ትልቅ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ከሥር ይጀምር። ሻንሲው መዛጉን፣ መሰንጠቁን ወይም መበየዱን ይመልከት። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መግጠሙን ያረጋግጥ፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ሞተሩ በቀዝቃዛ ጠዋት ሲነሣ የሚያወጣውን ጭስ ይይ። አራቱም ጎማ የሚስብበት ማርሽ በትክክል መግባቱን ዳገት ላይ ይሞክር። ከሁሉም በላይ፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ይዞ ይሂድ።

ጥያቄው የማን ነው?

በግል ገንዘቡ የሚገዛ ሰው ክብርን ቢመርጥ ገንዘቡ ነው። በሕዝብ ገንዘብ ሲገዛ ግን መመዘኛው ይለወጣል። የሚያደርሰው የት ነው? ማንን ነው? የሚሉት ቀድመው መነሣት አለባቸው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ግድ አይደለም፤ መንገዱ አስፋልት ነው። በክረምት ጭቃ ከገደሉ ግርጌ ያለች ወላድ ዘንድ ለመድረስ ግን ጠንካራ መኪና ቅንጦት ሊባል አይችልም። ለወረዳዎች ከተሰጡት አምቡላንሶች ብዙዎቹ ያ ጌጥ የሌለው ሃርድቶፕ መሆናቸውም ለዚህ ነው።

የሸዋ ሰው በቅሎ ሲገዛ ኮርቻዋን አይቶ አልነበረም። ጥርሷን ከፍቶ ዕድሜዋን ያያል፤ ዳገት አውጥቶ ቁልቁለት አውርዶ ይፈትናታል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይቆርጣል። በራሱ ገንዘብ የሚገዛውም ሆነ ሕዝብን ወክሎ የሚገዛው ዛሬም ይህንኑ ቢያደርግ አይሳሳትም።