የማግነምን ጉልበት የሚችለው ሪቮልቨር የቱ ነው?

ክሊንት ኢስትውድ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው «ደርቲ ሃሪ» ፊልም ላይ ይዞት የታየው ግዙፍ ሽጉጥ በብዙዎቻችን አእምሮ ተቀርጾ ቀርቷል። ሽጉጡ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 29 ሲሆን የሚጎርሰውም 44 ማግነም የተባለውን ጥይት ነው። ፊልሙ የማያሳየን ነገር ቢኖር እንዲህ ያለው ጥይት ተኳሹን ሽጉጥ ራሱንም የሚጎዳ መሆኑን ነው። አሜሪካ ውስጥ ሪቮልቨር ለመግዛት የተነሳ ሰው ከመልኩና ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባውም ይህንኑ ነው። ለመሆኑ ብረቱ ምን ያህል ይችላል?

ሪቮልቨር ጥይቶቹን የሚይዘው በሚሽከረከር ከበሮ ነው። «ደብል አክሽን» የሚባለው ደግሞ ቃታው ሲሳብ ብቻ ከበሮውን አዙሮ፣ መዶሻውን ወደ ኋላ ወስዶ የሚለቀው ዓይነት ነው። 357 ማግነም እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ ከቀድሞው 38 ስፔሻል ጋር ውፍረቱ አንድ ሆኖ ቀለሁ ግን በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲረዝም ተደረገ። ምክንያቱም ለ38 በተሠራ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ዛሬ በአሜሪካ አምራቾች መስፈርት የ38 የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 17 ሺህ ፓውንድ ሲሆን የ357 ግን 35 ሺህ ነው። ባለ 357 ሽጉጥ ሁለቱንም ይተኩሳል።

ችግሩ የታየው በሞዴል 19 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ይህ ሽጉጥ ቀኑን ሙሉ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ለሚውሉ ፖሊሶች ታስቦ ቀለል ተደርጎ ተሠራ። ሐሳቡ ልምምዱ በ38፣ የሥራው ጥይት ደግሞ በማግነም እንዲሆን ነበር። በኋላ ግን ፖሊሶች በሚይዙት ጥይት ይለማመዱ ተባለ። በተለይ 8 ግራም ገደማ የሚመዝነው ቀላልና ፈጣኑ ጥይት፣ ከከበሮው ዘሎ የሚገባበትን የበርሜሉን የኋላ አፍ ይሰነጥቀው ጀመር። የሚሰነጠቀውም ከታች በኩል ነው፤ ከበሮውን የሚይዘው ክንድ እንዲያልፍ ሲባል ብረቱ እዚያ ላይ ተልጦ ሳስቷልና።

መልሱ ብረት መጨመር ሆነ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወፈር ያለ አካል ያላቸውን 586 እና 686 አወጣ። ሩገር ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ጂፒ100ን ይዞ መጣ። ባለ 4 ኢንች በርሜል ሲሆኑ ሁለቱም 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የሩገሩ አካል እንደ ስሚዙ በጎን የሚከፈት ክዳን የለውም፤ ከበሮውም ከፊትም ከኋላም ይቆለፋል። የቃታው መለስለስ ለ686 ያደላል። ማግነም አዘውትሮ ለሚተኩስ ሰው ግን እኔ ጂፒ100ን አስቀድማለሁ። በ1955 የወጣው ኮልት ፓይተን ውበቱ ሌላ ነው። የቀድሞዎቹ ግን በብዛት ሲተኮስባቸው የከበሮው አዟዟር ይዛነፋል፤ በ2020 እንደገና የወጣው በውስጡ ተለውጧል። እንደ 340 ፒዲ ያሉት፣ ከ350 ግራም በታች የሚመዝኑ ባለ 357 ሽጉጦች ለኪስ ይመቻሉ፤ በማግነም ለተኮሰባቸው እጅ ግን አይመቹም። 44 ለሚፈልግ ደግሞ ከፊልሙ ሞዴል 29 ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሩገር ሬድሆክ ድብደባውን ይችላል።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ጥይት አለመኖሩን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ። ከዚያ መዶሻውን በዝግታ ወደ ኋላ ይሳብ፤ መዶሻው ጨርሶ ከመቆሙ በፊት ከበሮው ቦታው ላይ ቀጥ ማለት አለበት። ከበሮውን ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋው በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ብረቱ ተበልቷል። በከበሮውና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። ሻጩ እንደ ፊልም ተዋናይ ከበሮውን በእጁ ውርወራ ጠቅ አድርጎ ሲዘጋ ከታየ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል፤ የሚይዘውን ክንድ የሚያጣምመው ይኸው ነው። በመጨረሻም ከበሮውን ከፍቶ የበርሜሉን የኋላ አፍ ከታች በኩል በባትሪ ማየት ነው። ሽጉጡ የቆየ ሞዴል 19 ከሆነ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንኳ ቢታይ ተወት ማድረግ ነው፤ ምትክ በርሜል ማግኘት ከባድ ነውና።