የኅዳር በሽታ፦ ያልተመዘገበ ሞትና ከታሪክ የሚገኘው ትምህርት

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ክፉኛ የመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወቀው በበረታበት ወር ስም «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ነው። በሌላው ዓለም ግን «የስፔን ጉንፋን» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። ይህም በሽታው ከስፔን በመነሳቱ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሰለፉ አገሮች የሕዝባቸው ሞራል እንዳይነካ ጋዜጦቻቸውን ሲቆጣጠሩ፣ የገለልተኛዋ ስፔን ጋዜጦች ስለ በሽታው በይፋ በመዘገባቸው ነው። ወረርሽኙ ስሙን ያገኘው ከተነሳበት ሳይሆን ከተጻፈበት አገር ነው ማለት ይቻላል።

በሽታው በመላው ዓለም 500 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደያዘና 50 ሚሊዮን ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ሕፃናትንና አረጋውያንን ብቻ ሳይሆን በሙሉ ጉልበታቸው ላይ የነበሩ ወጣቶችንና ጎልማሶችን በብዛት መቅጠፉ ከተለመደው ጉንፋን ይለየዋል።

በኢትዮጵያ ታሪኩ የተጠበቀው በዘመኑ በነበሩ ሰዎች ብዕር ነው። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በጽኑ ታመው የዳኑ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ከ10 ሺህ በላይ ሰው መሞቱን ገልጸዋል። የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1967 ዓ.ም. ስለ ወረርሽኙ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድም ከዚሁ መከራ ትዝታ ጋር ይያያዛል።

ይሁን እንጂ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የመዲናይቱ ታሪክ ነው። ጸሐፊዎቹም ሆኑ ጥቂቶቹ ሐኪሞች በብዛት የሚገኙት በዚያው ነበርና። በጎንደርና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች የነበረው ሕዝብ ግን ሕመሙን የሚያክም፣ ሟቹን የሚመዘግብ የጤና ተቋም አልነበረውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተወሰደው ትልቅ እርምጃ በ1947 ዓ.ም. በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል በምትገኘው ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል መከፈቱ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደንቢያ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ የሺዎችን ሕይወት ቀጥፎ ነበር። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው ይህ ተቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒተሪ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር አሰማርቷል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ያልነበረ የምርመራና የምዝገባ ሥርዓት ሥራ ላይ ነበር። የኅዳር በሽታ ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ማን፣ የትና መቼ እንደታመመ በየመንደሩ መመዝገብ ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ቀጣዩን ሞት ለመከላከልም ያገለግላል።