መሣሪያውና እጁ

የድምፅ አውታሮቻችን እጅግ ስስ ናቸው። በእነርሱ ላይ የበቀለውን ዕጢ የሚያወጣ ሐኪም ጥቂት ጠልቆ ቢቈርጥ፣ የበሽተኛው ድምፅ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለዚህ ሥራ ሌዘር፣ ማለት ሥጋን በሙቀት የሚቈርጥ ጨረር፣ በቢላዋ ፈንታ ገብቷል።

ነገር ግን ጨረሩን የሚመራው የሰው እጅ ነው። በተለመደው መሣሪያ ሐኪሙ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ፣ በትንሽ ዘንግ መስተዋት ያዘነብላል፤ መስተዋቱም ጨረሩን ይመራል። ጣቱ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ጨረሩ መንገዱን ይስታል። በኢጣልያ አገር በጄኖቫ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ሐኪሙ ሰሌዳ ላይ በብዕር እንደሚጽፍ ሆኖ ጨረሩን የሚመራበትን ዘዴ ሠሩ።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ይህ በግምት አይታወቅም። ተፈታኙ በሁለቱም መሣሪያ አንዱን የተሰመረ መስመር ይከተላል፤ ጨረሩ ከመስመሩ ምን ያህል እንደ ሳተ፣ ሥራውም ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ ይለካል። በመጨረሻም «እጅህ ደከመ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በጄኖቫው ፈተና ብዕሩ ይበልጥ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ብዕር ከልጅነት ጀምሮ የተለመደ ነውና ይህ አያስደንቅም።

እንግዲህ መሣሪያ የሚመዘነው በኀይሉ ብቻ ሳይሆን ለያዘው እጅ በመመቸቱም ነው። ነገ መሐንዲስ ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ፣ መሣሪያውን ከመሥራታችሁ በፊት የሚሠራበትን ሰው ጠይቁ።